አባቴ ያለው ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ነው?

ጥፋቱን በኮምፒውተሩ ማሳበብ ይቻል ነበር። ዘንድሮ ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ቢሮ ሄዳችሁ ፋይላችሁ ሲጠፋ «ሲስተም የለም» ትባላላችሁ፣ አመስግናችሁ ትመለሳላችሁ። እኔ ግን ሐቁን ልናገር። ኮምፒውተሩ ጠይቆኝ ነበር። ሠርግ ከካሴት ወደ ዲቪዲ በገለበጥኩ ቁጥር፣ ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ «ምዕራፎቹን የት የት ላድርግልህ?» ይለኛል። ሁለት ምርጫም ይሰጠኛል። አንደኛው ቁጭ ብሎ ሠርጉን ከዳር እስከ ዳር እያዩ፣ ሙሽራዋ ስትወጣ አንድ ምልክት፣ ኒካው ሲታሰር አንድ ምልክት እያደረጉ በእጅ መሥራት ነው። ሁለተኛው ቁጥር ጽፎ መገላገል ነው። እኔ «5» ብዬ እጽፍና ሻይ ልጠጣ እወጣለሁ።

እናም በዚያ ዘመን ከሚሴ ውስጥ የተዳረ ሰው ሁሉ ሠርጉ በየአምስት ደቂቃው ተቆራርጦ ይደርሰዋል። ሪሞቱ ላይ ወደፊት የምታዘልለውን ቁልፍ ሲጫን ፊልሙ እስከሚቀጥለው ምልክት ድረስ ይዘልላል፤ እንደገና ሲጫን እንደገና ይዘልላል። ካሴት እያጠነጠነ ለኖረ ሕዝብ ይህ ተአምር ነበር። እኔም ነገሩን «ፌርማታ» ብዬ ነበር የማስረዳው። «በየአምስት ደቂቃው ፌርማታ አለው» ስል ደንበኛው በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። ፌርማታው ላይ ማን ቆሞ እንደሚጠብቅ እሱም አይጠይቅም፣ እኔም አላውቅም።

ጣጣው የጀመረው በፎቶዎቹ ነው። ዲስኩ ሲከፈት የየምዕራፉ ትንንሽ ፎቶ ቴሌቪዥኑ ላይ ይደረደራል፤ ፎቶዎቹን የሚመርጠው ኮምፒውተሩ ራሱ ሲሆን አምስተኛው ደቂቃ ላይ ከፊቱ ያገኘውን ያነሳል። አንድ ጊዜ ለአንድ የተከበረ ነጋዴ ልጅ የሠራሁት ዲስክ ሲከፈት ከአሥራ ሁለቱ ፎቶዎች ሦስቱ የታረደው በሬ፣ ሁለቱ የዳሱ ምሰሶ፣ አንዱ ደግሞ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው ሊጎርሱ ያሉት የሙሽራው እናት ሆኑ። ሙሽራው አንዱም ላይ የለም። ሽማግሌ ተላከብኝ። እኔም «አምስት ደቂቃ ለሰው ፊት አያዳላም» ብዬ ተከራከርኩ። ሽማግሌዎቹ ተያይተው ተነሥተው ሄዱ፤ ያኔ ያሸነፍኳቸው መስሎኝ ነበር።

ሰው ከስህተቱ ይማራል የሚሉት ስለ ሌላ ሰው ነው። እኔ «5» መጻፌን ቀጠልኩ፤ የቀጠልኩትም የገዛ እናቴ ቤት ድረስ ነው።

አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። የከብት ነጋዴ ነበር፤ በጨፋ ሮቢት ገበያ ያላየው በሬ፣ ያልጨበጠው ጭራ የለም። ከእርሱ የቀረን አንድ የመታወቂያ ፎቶ ነው፤ እሱም ላይ ያልሠራውን ወንጀል እንዲያምን የተገደደ ሰው ይመስላል። ሌላ ፎቶ የለውም፤ ፎቶ መነሳት መቆም ይጠይቃል፣ አባቴ ደግሞ አይቆምም። የሚንቀሳቀስ መልኩ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የእህቴ የዘሀራ ሠርግ ካሴት ላይ። ሠርጉን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ካሜራዬ ነበር።

የቤታችን የካሴት ማጫወቻ ከተበላሸ ቆይቷል። እናቴ ግን በየጊዜው ካሴቱን ከሳጥን ታወጣና አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ትመልሰዋለች። አንድ ቀን «አንተ የሰው አባት ሁሉ በዲስክ እያወጣህ የኔን ባል ሳጥን ውስጥ ትተወዋለህ?» አለችኝ። አፈርኩ። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃውን ሠርግ ወደ ዲቪዲ ገለበጥኩላት። ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ጠየቀኝ። እኔም እንደ ልማዴ መለስኩለት።

እናቴ ሪሞት ይዛ አታውቅም። ሠላሳ ምናምን ቁልፍ ስታይ «ይሄ ሁሉ ለአንድ ቴሌቪዥን?» ብላ ደነገጠች። አንዷን ብቻ መረጥኩላት፤ ወደፊት የምታዘልለዋን። እናቴም እንዳትሳሳት ብላ ቁልፏ ላይ ሂና አደረገችባት። ሂናው በየሳምንቱ ይለቃል፣ በየሳምንቱ ትቀባዋለች፤ ሪሞታችን ከሙሽራ በላይ ተሞሽሯል።

«አሁን አባትህ ጋ የሚያቆመው የትኛው ፌርማታ ነው?» አለችኝ።

«አንቺ ዝም ብለሽ ተጫኚ እማ፣ ይመጣል።»

የመጀመሪያው ቀን ጁምዓ ነበር። ከሰላት በኋላ ጎረቤታችን እት ከዲጃ ሁለት ሦስት ሴቶች አስከትላ መጣች። እት ከዲጃ ሐዘን ቤትም ሆነ ሠርግ ቤት ቀድማ ደርሳ ቦታ የምትይዝ ሴት ነች፤ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ምንጣፉ መሀል ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች። እናቴ ቢስሚላህ ብላ ሂና የተቀባችውን ቁልፍ ተጫነች። ዳስ መጣ። ተጫነች። በሬ መጣ። ተጫነች፤ ሴቶች ይዘፍናሉ። አንዴ የአባቴ ጀርባ የመሰለ ነገር በዳሱ ጥግ ውልብ አለና ጠፋ። ፊቱ የሚታየው ከምሳ ወዲያ መሆኑን አስታውሳ ነበርና መጫኗን ቀጠለች። አሥራ ሦስተኛው ላይ ሼህ እንድሪስ መጡ።

ሼህ እንድሪስን ለማታውቁ፦ በዱዓቸው የታወቁ ሽማግሌ ናቸው፤ በጥራቱም በርዝመቱም። በእህቴ ሠርግ ላይ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ዱዓ አድርገዋል። ሁሉንም ቀርጫለሁ፤ መሀል ላይ ካሜራ ማጥፋት ከመንደር ያስወጣ ነበር። የእናቴ ቁልፍ የጣለን ገና በዱዓው መጀመሪያ፣ ሼሁ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ያ ረቢ!» የሚሉበት ላይ ነው።

ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ ሻሻቸውን አስተካከሉና እጃቸውን ዘረጉ። የእናቴም እጅ ተዘረጋ። ሪሞቱ ጭኗ ላይ ወደቀ።

«ሙሽሮቹን አግባባቸው!»

«አሚን!» አለ ዳሱ። «አሚን!» አለ የእናቴ ቤት።

«ማሽላችንን ከግሪሳ፣ ከብታችንን ከበሽታ ጠብቅልን! የቦርከናን ወንዝ በልኩ አድርግልን! ሆራ! ቡላ! እርቡ፣ በሰላም እደሩ!»

«አሚን!»

አምስት ደቂቃ ታገሥኩ። ከዚያ ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ ብዬ «እማ፣ ተጫኚው እንጂ፤ አባ ያለው ከዚህ ወዲያ ነው» አልኳት።

እናቴ እጇን ሳታጥፍ በዓይኗ ገሠጸችኝ። መልሱን የሰጠችኝ እት ከዲጃ ነች። «ዱዓ ተዘልሎ ይኬዳል እንዴ አንተ ልጅ? አዑዙ ቢላህ!»

«እት ከዲጃ፣ ዱዓው እኮ የተደረገው ድሮ ነው። ዘሀራ ሁለት ወልዳለች።»

«ዱዓ ድሮ ሆኖ ያውቃል? አላህ ዘንድ አርጅቷል ያለህ ማነው?»

ሼህ እንድሪስ በበኩላቸው በሬውን፣ አራጁን፣ በመንገድ ያሉ ሾፌሮችን መርቀው በመጨረሻ ወደ ካሜራው ዞሩና «ይህንንም ልጅ፣ ይህን ዕቃ ተሸክሞ የሚዋትተውን፣ አላህ ልብ ይስጠው!» አሉ። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝና ከሁሉ የበለጠ ጮክ ያለ አሚን አሉ። ለመዝጊያ ፋቲሃ ሲቀራ የአሥር ሰላት አዛን ተሰማ። ሴቶቹ ተነሡ። እናቴም ተነሣች። ቴሌቪዥኑ ተዘጋ።

እናቴ ከጁምዓ ውጭ አትከፍተውም ነበር። በሚቀጥለው ጁምዓ እንደዚያው ሆነ፤ ጭማሪው ፋቲሃው እንዳለቀ መብራት መሄዱ ነው። በሦስተኛው ጁምዓ አላህ ፈቅዶ መብራትም ነበረ፣ አዛኑም ጥቂት ቀርቶታል፤ ዱዓው አልቆ አባቴ ማንቆርቆሪያ ይዞ ከዳሱ ጥግ ብቅ ሲል እት ከዲጃ «ላሜ ብቻዋን ናት!» ብላ ተነሥታ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። እናቴ ከእት ከዲጃ ትከሻ በላይ የአባቴን ኮፍያ፣ ከክንዷ በታች ደግሞ ሽርጡን አየች። መሀሉ አመለጣት።

እኔ የሙያ ሰው ነኝና ችግሩን በሙያ ልፈታው ተነሣሁ። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ምልክት ከዱዓው በኋላ አድርጎ ይጨርሰው ነበር። እኔ ግን በእጄ ምልክት ማድረግ ውርደት መሰለኝ፤ ቁጥሩን መቀየር ይበቃል አልኩ። «4» ጻፍኩ፤ ዱዓው ላይ ወደቀ። «7» ጻፍኩ፤ ዱዓው ላይ ወደቀ። «10» ጻፍኩ። ተስፋ ቆርጬ «45» ብጽፍ ሁለተኛው ፌርማታ ሼህ እንድሪስ ለመንገደኛ ሲለምኑ ተገኘ። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ የሚሰፋ ወንዝ በየትኛውም እርምጃ ብትሄዱ ትነከሩበታላችሁ። በየጊዜው አዲስ ዲስክ እያመጣሁ «አሁን ተስተካክሏል እማ» እላለሁ፤ እናቴም አምናኝ ሂናዋን ትቀባለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን የእት ከዲጃ ላም ያዘች።

ላሟ ሁለት ዓመት ሙሉ አልያዘችም፣ አላረገዘችም ነበር። እት ከዲጃ «ከብታችንን» ሲባል እጇን ከሌላው አስበልጣ ዘርግታ እንደነበር ለመንደሩ ሁሉ ተናገረች። ከዚያ ወዲያ የእናቴ ቤት በጁምዓ ዱዓ ቤት ሆነ። ላሟ ያልያዘችላት መጣች። ባሏ አዲስ ሚኒባስ የገዛላት «ሾፌሮች የሚሉበት ላይ ቀስቅሱኝ» ብላ ጥግ ይዛ ተኛች። ከመስኮቱ ውጭ በሬ አስረው የሚቆሙ ሁሉ ነበሩ። የሠርጉን መጀመሪያ የሚያይ ጠፋ፤ መጨረሻውን የሚጠይቅም የለም። ዱዓው ሲያልቅ ሁሉም «አላህ ይቀበለን» ይልና እናቴን መርቆ ይወጣል። እናቴም የመጣ ሰው ማስተናገድ፣ የሚወጣውን መሸኘት አለባት። አባቴ ከዱዓው ወዲያ ማዶ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ቀረ።

አንድ ቀን ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ራሳቸው ሼህ እንድሪስ። በጣም አርጅተዋል፤ ድምፃቸውም ደክሟል። ምርኩዛቸውን ይዘው «አካም ጅርቱ፣ ደህና ናችሁ ወይ» እያሉ ገቡ፣ የክብር ቦታ ተሰጣቸው፣ ተጫወተላቸው። ሽማግሌው የገዛ ዱዓቸውን እጃቸውን ዘርግተው ከጥግ እስከ ጥግ ሰሙ። ለእያንዳንዷ አሚን አሉ። እኔን የሚመለከተው ጋ ሲደርስም ቀና ብለው አይተውኝ አሚን አሉ፤ እንዳልደረሰልኝ የገባቸው መሰለኝ። ሲጨርሱ ዕንባቸውን ጠረጉና «አሳጥሬው ነበር ያን ዕለት» አሉ።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ እናቴ ምንጣፉን ልታጥፍ ጎንበስ አለችና መሀል ላይ ተወችው። ሪሞቱን አንሥታ ቴሌቪዥኑን ልትዘጋ ስትል እጇ ዘገየ።

«ዛሬም አልመጣ» አለች።

ለእኔ አይደለም የተናገረችው። እኔ በሩ ላይ ጫማዬን እያሠርኩ ነበር። ስንት ሳምንት ሙሉ በፌርማታ፣ በቁጥር፣ በላም ስስቅ የነበርኩት ሰውዬ እዚያው ሳቄ ጠፋ። እናቴ ባሏን ማየት ነው የፈለገችው። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። አባቴ ናፈቀኝ፤ እዚያው የጫማ ክሬን እንደያዝኩ፣ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ናፍቆኝ አያውቅም።

በማግስቱ ሱቄን ከውስጥ ዘጋሁና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ለሻይም አልወጣሁ። ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃውን በእጄ፣ በዓይኔ፣ ከዳር እስከ ዳር ልፈትሽ ነው። አባቴን ባገኘሁበት ሁሉ እቆርጠዋለሁ፤ እሱን ብቻ የያዘ ዲስክ እሠራለሁ፣ አንድ ጊዜ መታየት አንድ ምዕራፍ። ዱዓ የለ፣ በሬ የለ፣ እት ከዲጃ የለች።

አሥራ አንድ ቦታ አገኘሁት። አንዱ ላይ ማንቆርቆሪያ ይዟል፣ አንዱ ላይ ሁለት ወንበር ተሸክሟል፣ አንዱ ላይ ከዳስ የገባች ፍየል እያባረረ ነው። በገዛ ልጁ ሠርግ አንዴም አልተቀመጠም። ግን ይህ አይደለም ቀልቤን የወሰደው። ድምፁን ከፍ ሳደርገው ከካሜራው ጀርባ አንድ ጎረምሳ ሲጮህ ሰማሁ።

«አባ፣ ዞር በል! ጋረድከው እኮ!»

እኔ ነኝ። አባቴ በመጣ ቁጥር የማባርረው እኔ ነኝ። የጋረደብኝም ቁም ነገር አልነበረም፤ ከሙሽራዋ ጓደኞች አንዷ ቢጫ ሻሽ ያሠረች ልጅ ነበረች፣ ካሜራዬ እሷ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ብቻዋን ዘጠኝ ደቂቃ ተቀርጻለች። ልጅቱ ዛሬ ባቲ ውስጥ የአራት ልጆች እናት ነች፤ ስሜን ታውቀው እንደሆነም እጠራጠራለሁ። አባቴ ግን ዞር በል ባልኩት ቁጥር አይቆጣም። «እሺ ጌታው፣ መጣሁ» ይላል፣ ይሄዳል። ሌላ ነገር ተሸክሞ ይመጣል። ዞር በል። እሺ፣ መጣሁ።

ድምፄን ላጠፋው ሞከርኩ። አልሆነም፤ እኔ ጩኸቴን ሳልጨርስ እሱ «እሺ» ማለት ይጀምራል፣ የእኔን ስቆርጥ የእሱም አብሮ ይሄዳል። ሳጥን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠውን የአባቴን ድምፅ ለራሴ ሐፍረት ስል ላጠፋው ነው? ተውኩት። ሁሉም ተሰብስቦ ሲለካ አንድ ደቂቃ ከአሥራ አራት ሰከንድ ሆነ። ከስልሳ ዓመት በላይ የኖረ ሰው ነበር።

ዲስኩን ይዤ የሄድኩት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰው እንዳይመጣብን ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። እናቴን «ዛሬ አባን ነው የማሳይሽ፣ ሌላ ምንም የለበትም» አልኳት። ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ሻሿን ቀይራለች፣ ዓይኗንም ተኩላለች። እንዲህ ትዘጋጃለች ብዬ አልጠበቅኩም። ጎኗ ተቀመጥኩ።

አባቴ ማንቆርቆሪያ ይዞ መጣ። እናቴ «ያ አላህ!» አለች። ዞር በል አልኩት። መጣሁ አለና ሄደ። ወንበር ተሸክሞ መጣ፤ ዞር በል፤ መጣሁ። ፍየሏ ላይ እናቴ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው። ሦስት ሰዓት ውስጥ ተበትኖ ሳለ ማንም ልብ ያላለው ነገር ተሰብስቦ ሲመጣ ደወል ሆነ። ሰባተኛው ላይ ሳቋ ቆመ። እኔ ምንጣፉን እያየሁ ነው። አሥራ አንደኛው ላይ አባቴ ባዶ እጁን ነበር፤ ካሜራው ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ፈገግ አለ፣ የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። «አባ፣ ዞር በልልኝ እንጂ!» አፉን ዘጋ። «እሺ ጌታው፣ መጣሁ።» ሄደ። ቴሌቪዥኑ ጠቆረ።

«አለቀ?» አለች እናቴ።

«አለቀ እማ።»

«ይህችው ናት?»

«እማ፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ካሜራውም አዲስ ነበር…» ብዬ ጀመርኩ።

«አብሽር» አለችኝ። እጇን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገች። «አንተ ባታባርረውም አይቀመጥም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተቀመጥ ስለው የኖርኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ «ያንን መልስልኝ» አለች።

«የቱን?»

«ዱዓ ያለበትን። የአምስት ደቂቃውን።»

«እማ፣ እዚያ እኮ አታገኚውም! እስካሁን መች አገኘሽው?»

«አባትህ መቼ ነው መጣሁ ብሎ ወዲያው የመጣው?» አለችኝ። «ገበያ ወጥቶ መጣሁ ካለ ሦስት ቀን ነው። ይሄማ መጣሁ ብሎ ሳይጨርስ ከች ይላል፤ ባሌም አይመስለኝ። መጨረሻው ላይ ደግሞ መጣሁ አለና አለቀ። በዚያኛው መጨረሻውን አላየሁትም። ወላሂ እዚያ ገና ነው።»

ዲስኩን አወጣሁና ኪሴ ከተትኩ። አንድ ደቂቃ ከአሥራ አራት ሰከንድ መሆኑን በገዛ እጄ ነገርኳት፤ እስከዚያች ቀን ድረስ አታውቅም ነበር። ባታውቀው ይሻል እንደነበር እያሰብኩ የድሮውን ዲስክ መለስኩላት።

ጁምዓ ዕለት ጨፋ ሮቢት ሠርግ ልቀርጽ እየሄድኩ ነበር። ካሜራዬን አንግቼ በእናቴ ደጅ ሳልፍ የሼህ እንድሪስ ድምፅ ከመስኮቱ ይወጣል፤ ገና ማሽላው ላይ ናቸው። አንገቴን አስግጌ አየሁ። ቤቱ ሙሉ ነው። ሴቶቹ እጃቸውን ዘርግተዋል። እናቴ ከፊት ነች፤ ሻሿን ቀይራለች፣ ተኩላለች።

በሴቶቹ መሀል በእግሬ ጫፍ አልፌ ጎኗ ተንበረከክሁ። ሚኒባሱ እየጠበቀኝ መሆኑን ልነግራት አስቤ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «አልመጣም?» የሚል ነው።

እናቴ እጇን አላጠፈችም፣ ፊቷንም ከቴሌቪዥኑ አላነሣችም።

«ታኢ» አለችኝ በኦሮምኛ፤ ልጆች ሳለን ተቀመጡ የምትለን በዚሁ ነበር። ካሜራዬን ከትከሻዬ አውርጄ ተቀመጥኩ።

«ይመጣል።»